ድምፄ ተዘግቶ በሙሉ ድምፅ ስለተዘጋው የኮሶዬ የእናቶች ማቆያ ቤት

ቀን፦ ሰኔ 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአንገረብ የበጎ አገልግሎት ክበብ ጽሕፈት ቤት
ለሰብሳቢው ለአቶ እስጢፋኖስ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ «ሸጋ ነው» ያልኩት ለስልኬ ድምፅ እንጂ ለውሳኔያችሁ ስላልሆነ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም፣ የተወሰደው ሶላር እንዲመለስና ማቆያው ቤት ክረምቱ ሳይጠና እንዲከፈት ስለመጠየቅ

አቶ እስጢፋኖስ፣ እርስዎን ነው። ይህን ወረቀት ለጸሐፊዎ አቀብለው «ፋይል ውስጥ ክተችው» እንዳይሉ። መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ሲጨርሱም «ይች ሴትዮ ደግሞ ምን ሆነች?» ብለው እንዳይስቁ፤ ባለፈው በስልክ የሳቁብኝን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁልዎትም።

እኔ አመልካች እታገኘሁ ሀብተሥላሴ፣ በኮሶዬ ከደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለኝ፣ የክበባችሁም በጎ ፈቃደኛ አባል ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴ ለቀምኩት፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሬዲዮ፣ ምግብ ቤቴ ገብቶ ከሚከራከር መንገደኛ። ስለዚህ «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለቀረውም እንደተጻፈ ይቁጠሩልኝ፤ በየመስመሩ ልደግመው አልችልም፣ ንዴቴ አያስጨርሰኝም።

1. ማቆያው ቤት ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት። አይተውት ለማያውቁ አባሎቻችሁ ግን ልንገር። ከኮሶዬ በታች፣ ከገደሉ ግርጌ፣ ማኪና ደርሶበት የማያውቅ ሰፊ አገር አለ። እዚያ ያለች ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ሰው ተሰብስቦ በቃሬዛ ሽቅብ ይሸከማታል። ገደሉን ወጥተው አስፋልት እስኪደርሱ ቀኑ ያልፋል። አንዳንዷ ትደርሳለች፤ አንዳንዷን አስከሬን አድርገው ይዘዋት ይመለሳሉ። ቤቱ የተሠራው ለዚህ ነው። ወሯ የገባ ሴት ምጥ ሳይጀምራት፣ በእግሯ፣ እያረፈች ትወጣና እዚያ ትቀመጣለች። ምጡ ሲመጣ አምቡላንስ ይጠራላታል፤ ጎንደር ትገባለች። በቃ። ሌላ ጥበብ የለውም።

ድንጋዩን የተሸከመው የእኛ ሰው ነው። እንጨቱም የእኛ ነው። ክበቡ ቆርቆሮና ሲሚንቶ አመጣ፣ ሶላርም ሰቀለልን፣ እግዜር ይስጠው፤ ያልካድኩትን ካደች ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። ብርድ ልብሱን ሐጂ ዐብዱረሕማን፣ የጎንደሩ የጨርቅ ነጋዴ፣ ከሱቃቸው ጭነው ላኩ። በሶውንና ቆሎውን የአገሩ ሴቶች በተራ ያመጣሉ። ዘበኛው አያ ቢያዝን ናቸው፤ ዘበኛ ይባሉ እንጂ ማንም አልቀጠራቸውም፣ ምራታቸው ገደሉ ላይ ስለቀረችባቸው በገዛ ፈቃዳቸው መጥተው በሩ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ነገረኛዋ ነኝ። ለአምቡላንስ የምደውል፣ ሹፌር ሲዘገይ የምሳደብ፣ «ሚስቴን መልሱልኝ፣ አጨዳ ደርሷል» የሚል ባል ሲመጣ አፉን የማስይዝ።

የመብራት ሽቦ መንገዱ ዳር ደርሷል እንጂ ቤቱ ወዳለበት የገደል አፋፍ አልተሻገረም። እዚያ ቤት መብራት ማለት ያች ሶላር ናት። ስልክ የሚሞላውም በእሷ ነው። ስልክ ከሌለ ደግሞ አምቡላንስ የለም።

2. አሁን ወደ ስብሰባችሁ ልምጣ። በግንቦት የተደረገው ስብሰባ እንደ ወትሮው በኢንተርኔት ነበር። እናንተ ጎንደር ቢሮ ትልቁ ስክሪን ፊት፤ የአዲስ አበባዎቹ በየቤታቸው፤ የውጭዎቹ በየአገራቸው፤ ሐጂ ከሱቃቸው፤ እኔ ደግሞ ኔትወርክ በምትገኝበት ጉብታ ላይ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ስልኬን እንደ ጸበል ዕቃ ወደ ላይ ይዤ። ጉም ሲመጣ ድምፁ ይሄዳል። ጉም ሲሄድ ድምፁ ይመጣል። ስብሰባውን ሙሉ የተነጋገርነው ይኸው ነው፦ «ሄሎ፣ ይሰማል?» «አይሰማም።» «አሁንስ?» «አሁን ተሰማ፣ ፊትህ ግን ደርቋል።» በጎ አድራጎታችን እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ «ይሰማል ወይ» እንላለን፣ መጨረሻ ላይ «እናመሰግናለን» እንላለን፣ መሃሉን ጉም ይበላዋል።

ኮምፒዩተሩን የምትመራው ሰሚያም ሥራዋ ነውና በየመሃሉ ትጠይቀኛለች። «ኮሶዬ፣ ድምፅ አለ?» ትለኛለች። «የለም» እላለሁ። «አሁንስ ድምፅ አለ?» «አለ፣ አለ» እላለሁ። (ስም እንዳለኝ ረስታችሁታል። በእናንተ ዘንድ ኮሶዬ ነኝ፣ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ። ይሁን።) እርስዎ «የኮሶዬን ማቆያ በተመለከተ» ብለው ሲጀምሩ ሰማሁ። ጆሮዬን ደቀንኩ። ከዚያ ጠፋችሁ። ጉሙ ገደሉን ሞልቶ መጣና የራሴም እጅ አልታይ አለኝ። ስልኬን ግራ አዞርኩ፣ ቀኝ አዞርኩ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ብዙ ቆይታችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የሰማሁት የእርስዎን ጩኸት ነው፦ «ኮሶዬስ? ድምፅ?»

በሞቴ አቶ እስጢፋኖስ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? ጠዋት ሙሉ «ድምፅ፣ ድምፅ» ስንባባል የዋልነው ስለ ስልክ አይደለም? እኔም ደስ ብሎኝ፣ ተመለሱልኝ ብዬ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፦ «ሸጋ ነው! አሁን ሸጋ ነው!»

ሳቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጭብጨባ። ሐጂ ብርድ ልብስ ጨመሩልን ማለት ነው ብዬ ስልኬን በብብቴ ይዤ እኔም አጨበጨብኩ።

ቃለ ጉባኤያችሁ ግን እንዲህ ይላል፦ «የኮሶዬ ተወካይ ወ/ሮ እታገኘሁ ውሳኔው ሸጋ ነው በማለት ድጋፋቸውን ገልጸዋል። ስለሆነም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» «ውሳኔው» የምትለዋን ማን ጨመራት? ከእኔ አፍ አልወጣችም። አማርኛችን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከጉሮሮ የሚወጣውንም ድምፅ ይለዋል፣ እጅ የሚወጣለትንም ድምፅ ይለዋል። እኔ አልፈጠርኩትም። አባቶቻችን ሲናገሩት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየተያየ ነበርና አንዱ ከሌላው አይምታታባቸውም ነበር። ጉሮሮዬን ጠይቃችሁ ሐሳቤን ወሰዳችሁ። ይህን በሸንጎ ዳኛ ፊት ቢያደርጉት ሌብነት ይባላል፤ በኢንተርኔት ሲሆን ጊዜ «ጸድቋል» ይባላል።

3. የጸደቀው ነገር ምን እንደነበር ያወቅኩት የክበባችሁ ፒካፕ ስትመጣ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሰዎቻችሁ መሰላል አቁመው ሶላሩን ከጣራ ሲፈቱ አያ ቢያዝን ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ተገተሩ።

«ምነው? ምን አጠፋን?» አሏቸው።

ሹፌሩም «አያ፣ ይልቀቁን እንጂ፣ ታዘን ነው። እትዬ እታገኘሁ ራሷ ሸጋ ነው ብላለች» አላቸው።

«የትኛዋ እታገኘሁ?»

«ኧረ የእናንተዋ! ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

አያ ቢያዝን ዱላቸውን አወረዱ። ፒካፗን በዱላ ሊመክቷት ይችሉ ነበር፤ የእኔን ቃል ግን በምን ይመክቱታል? ሰው ነግሮኝ ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ሮጬ ስደርስ አልጋው ተጭኗል፣ ብርድ ልብሱ ተጭኗል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ሹፌሩ ኪስ ገብቷል። አያ ቢያዝን አዩኝና «አንቺም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በምግብ ቤቴ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ነው። እኚህ ሰው አባቴን የቀበሩ ሰው ናቸው።

ምክንያቱን ኋላ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ አነበብኩት። ቃል በቃል፦ «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት የክበቡ የኢንተርኔት ስብሰባዎች በተደጋጋሚ እየተስተጓጎሉ በመሆኑ፣ የኮሶዬው ሶላር ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲዛወር፣ ማቆያውም ለጊዜው ተዘግቶ ንብረቱ መጋዘን እንዲገባ።» ለስብሰባ! ከምታምጥ ሴት ራስ ላይ መብራት ነቅላችሁ ለስብሰባ! «ጄኔሬተር አትገዙም?» ብዬ ስጽፍ አንዱ ከውጭ አገር ያለው አባላችሁ መለሰልኝ፤ «ጄኔሬተር ይጮሃል፣ ስብሰባ ይረብሻል» አለኝ። ልክ ነው ወንድሜ። ምጥ የያዛትም ሴት ትጮሃለች። እሷ ግን ሩቅ ስለሆነች ማንንም አትረብሽም።

ከዚያ ቀጥሎ የተሰበሰባችሁበት አጀንዳ ምን እንደነበር ላስታውስዎት? «የገጠር እናቶችን በምን እንርዳ» የሚል ነበር። የተሰበሰባችሁት በእኛ ሶላር አብርታችሁ ነው።

4. ለሐጂ ዐብዱረሕማን ደወልኩላቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አላስጨረስኳቸውም።

«ሐጂ፣ የላኩልን ብርድ ልብስ አይጥ ሊበላው መጋዘን ሲገባ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል እታገኘሁ? እኔማ ልቃወም ነበር። አፌን ስከፍት አንቺ ሸጋ ነው ስትይ ሰማሁ። ቤቱን የምታውቂው አንቺ፣ ሴቶቹን የምትቀበይው አንቺ። አንቺ ሸጋ ካልሽ እዚህ ጨርቅ እየለካሁ የምውለው እኔ ማን ነኝ? ብዬ እጄን አወጣሁ።»

«ሐጂ! ስለ ስልኩ ነው እኮ ሸጋ ያልኩት!»

ስልኩ ተቋረጠ መስሎኝ «ድምፅ አለ?» ልላቸው ነበር። ከዚያ «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እንግዲህ ይህ ነው ሙሉ ድምፃችሁ። አንዷ ምን እንደተጠየቀች አልሰማችም፣ ሌላው እሷን ሰምቶ እጁን አወጣ፣ የቀሩት ደግሞ ሁለቱን አይተው አወጡ። ሐጂ በማግሥቱ ቢሮአችሁ ድረስ መጥተው እንደነገሯችሁ አውቃለሁ። «አንዴ ጸድቋል፣ በቃለ ጉባኤ የገባ ነገር አይነካም» ተብለው ወጡ። ቃለ ጉባኤ ታቦት ሆነና አይነካም! የቤቱ ጣራ ግን ተነካ።

5. ለእርስዎም ደውዬ ነበር። ሳቁ። «ቴክኒካል ችግር ነው ወይዘሮ እታገኘሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሱት» አሉኝ። እኔም ሞኝ ነኝና አመንኩ። የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ዝናብ ነበር። ምግብ ቤቴን ዘግቼ፣ ምን እንደምል ጠዋት ሙሉ ስዘጋጅ ቆይቼ፣ ፌስታል ራሴ ላይ አስሬ ጉብታዬ ላይ ወጣሁ። ገና «ክቡር ሰብሳቢ» ከማለቴ ሰሚያ «ኮሶዬ፣ ከኋላሽ ነፋስ አለ፣ ስብሰባው እየተረበሸ ነው፤ ድምፅሽን ልዝጋው» አለችኝ። ልጅቱን አልቀየማትም፤ ዝጊ ተብላ ነው። ደግሞስ የኮሶዬን ነፋስ ምን ላድርገው? እሱንስ በየትኛው ስብሰባ ልዝጋው?

የተዘጋሁ አልመሰለኝም ነበርና ተናገርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሶላሩ፣ ስለ አያ ቢያዝን። እናንተን በስልኬ መስታወት አያችኋለሁ፤ አንዱ ውኃ ይጠጣል፣ አንዱ ወረቀት ያገላብጣል፣ እርስዎ ይስቃሉ፣ በእኔ ግን አይደለም፣ እዚያው በመካከላችሁ በሆነ ነገር ነው። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ቆመው ያዩኛል።

«እታገኘሁ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አሉኝ።

«ከጎንደር ጋር» አልኳቸው።

«ጎንደር ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ውረጅ፣ ብርድ ይመታሻል» ብለውኝ ሄዱ። በዚያ ቀን ሰምቶ የመለሰልኝ ሰው እነሱ ብቻ ናቸው።

6. እስካሁን የጻፍኩት ስለ እኔ ስም ይመስል ይሆናል። ስሜን ተዉት። ሴትዮዋን ስሟት። ማስተዋል ትባላለች። ከገደሉ ግርጌ ካለው አገር ናት። ያለፈውን ጊዜ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወጧት ገደሉ መሃል ላይ ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አዙረው ሁለቱንም ይዘው ወረዱ። አሁን ደግማ አርግዛለች፤ ወሯ ሊገባ ነው። «ዘንድሮስ ቤት ተሠርቷል» ብላ፣ ስንቋን በአቁማዳ አንጠልጥላ፣ ባሏን ለእርሻው ትታ፣ ብቻዋን ወጣች። አያ ቢያዝን ያገኟት የተቆለፈው በር ሥር ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯ አብጦ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ለምሳ የሄደ መስሏት ስትጠብቅ ነው።

እጇን ይዘው ወደ እኔ አመጧት። ከወር በኋላ የተናገሩኝ ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «ይችን ተቀበይ። ሸጋ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።» ብለውኝ ሄዱ።

አሁን ከምግብ ቤቴ ጓዳ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከቢራ ሳጥን መካከል ተኝታለች። ከእሷ ራስ እስከ ጠጪዎቹ ወንበር ያለው ግርዶሽ ካርቶን ብቻ ነው። የሲኖትራክ ሹፌር አረቄውን ጠጥቶ ሲዘፍን እሷ ጆሮዋን በነጠላ ትይዛለች። ጭሱ ያስላታል፤ በሳለች ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፋለች። ከሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። የት ላስተኛቸው? ቀይ ሽንኩርት ላይ? እያለቀስኩ መለስኳቸው። ከገደሉ ግርጌ ያለው ወንዝ ሐምሌ ላይ ሲሞላ የተመለሰች አትወጣም። ማስተዋልንም ብመልሳት እንዲሁ ነው፤ ብትወርድ አትወጣም፣ ብትቀመጥም የተቀመጠችው እኔ ዘንድ እንጂ በማቆያው ቤት አይደለምና አዋላጅ አይጎበኛትም፣ አምቡላንስም አይላክላትም፤ ለጤና ጣቢያው «ማቆያው ተዘግቷል» ተብሎ ተነግሮታል፣ የነገራችሁትም እናንተ ናችሁ።

አንድ ቀን ሾርባ ስሰጣት «እትዬ፣ የቤቱ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት።

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንቺ» አልኳት። ደስ አላት። አምላክ ይይላችሁ፣ ደስ አላት!

7. ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው፤ ብዙ አይደለም።

ሀ. «ውሳኔው ሸጋ ነው» የሚለው ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ፤ በምትኩ «ወ/ሮ እታገኘሁ የተጠየቀችውን አልሰማችም» ተብሎ ይጻፍ። ተሰርዞም ለአያ ቢያዝን ይነበብላቸው። ማንበብ አይችሉምና ሰው ልካችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በራቸው ላይ ቆሞ ያንብብላቸው።

ለ. ሶላሩ፣ አልጋውና ብርድ ልብሱ ሐምሌ ሳይገባ ወደ ኮሶዬ ይመለስ። ሲወሰድ ማኪና ያገኘ ሲመለስ ማኪና አጣ አይባልም። እናንተ መብራት ሲጠፋባችሁ በሻማ ተሰብሰቡ፤ ወይም ስብሰባውን ተዉትና አንድ ቀን መጥታችሁ ድንጋይ አቀብሉን።

ሐ. ይህ እስኪሆን ድረስ ቤታችን ፊት ቆማችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ከፌስቡካችሁ ላይ ይውረድ። እስከ ትናንት ድረስ ሰው «በርቱ» እያለ ይጽፍበታል። የተቆለፈ ቤት አሳይቶ ምርቃት መቀበል ነውር ነው፤ ነውርን ለማወቅ ደግሞ ኔትወርክ አያስፈልግም።

«ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዳትልኩብኝ፤ አልቀበልም። «ኮሚቴ ተቋቁሟል» አትበሉኝ፤ የማስተዋል ሆድ ኮሚቴ አይጠብቅም። የዚህን ወረቀት ግልባጭ በምግብ ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከደባርቅ የሚወርደው፣ ከጎንደር የሚወጣው መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ ለማይችለውም ራሴ አነብለታለሁ።

በመጨረሻም፣ አቶ እስጢፋኖስ፣ የፊታችን እሑድ ስብሰባ አላችሁ። የአዲስ አበባዎቹም፣ የውጭዎቹም፣ ሐጂም ባሉበት፣ ማንም ድምፄን ሳይዘጋብኝ፣ በጸሐፊ አይደለም፣ በወረቀት አይደለም፣ በራስዎ አፍ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አንዲት ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ ማስተዋል የት ትውለድ?

መልስዎ እስኪመጣ ድረስ በቀረችኝ ጥቂት ሰላምታ፣

እታገኘሁ ሀብተሥላሴ
(ፊርማ)
ኮሶዬ